ጭድ ነዳጅ ይሆናልን?
ስለ ቅድመ ዝግጅቱና ስለ ወጪው ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ



የመኸሩ እህል ተወቅቶ አውድማው ሁሉ በጭድ ክምር በተሞላበት ወራት፣ ደባርቅ ከሚገኘው የአሠሪዬ የእህል መጋዘን አንድ እንግዳ መጣ። የአንድ ኩባንያ ወኪል መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ ከጃናሞራ፣ ከደባርቅና ከዳባት የሚገኘውን የገብስና የስንዴ ጭድ ሰብስቦ ለመኪና የሚሆን ነዳጅ የሚያወጣ ፋብሪካ ለማቆም እንደ ታሰበ አስረዳ። አሠሪዬም ከወዲሁ ለገበሬው ቀብድ እየሰጡ ጭዱን ቢያከማቹ፣ የአክሲዮን ድርሻም ቢገዙ፣ ትርፉ የማያጠራጥር መሆኑን ደጋግሞ ተናገረ።

አሠሪዬ በንግድ ላይ ያሳለፉት ዘመን ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ሰው ናቸው። እንግዳውን ቡና ጋብዘው ከሸኙት በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ አንተ ተምሬአለሁ የምትል ሰው ነህ፤ ለመሆኑ ከጭድ ነዳጅ ይወጣል ወይስ አይወጣም?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ይወጣል ጋሼ፤ ነገር ግን በምን ያህል ወጪ እንደሚወጣ ሳላጠና ልመልስልዎ አልችልም» አልኋቸው። «እንግዲያው አጥናና በጽሑፍ አቅርብልኝ፤ ብሩን የምቆጥረው ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ።

ከዚህ በታች የሚነበበው ያንጊዜ ያቀረብሁት ጽሑፍ ሰፋ ብሎ የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ያለው ሐሳብ ወደ ሌሎችም ነጋዴዎች ደጃፍ መድረሱ ስለማይቀር፣ የምክር ቤታችን አባላት ቢያነቡት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኳሩ የት አለ?

አረቄ እንዴት እንደሚወጣ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ገብሱ በውኃ ተነክሮ ሲያቆጠቁጥ ብቅል ይሆናል፤ ብቅሉ ከእህሉ ቂጣና ከጌሾው ጋር ሲደፈደፍ በእህሉ ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳርነት ይለወጣል፤ ስኳሩን እርሾ እየበላ አልኮል ያደርገዋል፤ ድፍድፉ በእሳት ሲፈላም አልኮሉ እንፋሎት ሆኖ በመቃው ያልፍና በቀዝቃዛው ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ኤታኖል የሚባለው የመኪናና የምድጃ ነዳጅ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ ውኃው ተለይቶለት እጅግ የጠራ አልኮል ነው።

በአገራችንም ኤታኖል እንግዳ ነገር አይደለም። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ፣ ከእርሱም በኋላ የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ፣ ከስኳር ሥራ ከሚተርፈው ሞላሰስ ኤታኖል አውጥተዋል። መንግሥት በ2007 የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2008 በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ ከመቶ 5 እጅ ኤታኖል መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2011 ድርሻው ወደ 10 እጅ ከፍ አለ። የፊንጫው ኤታኖል በምድጃም ተሞክሯል፤ በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ የሰፈሩ ስደተኞች ምግባቸውን አብስለውበታል።

ነገር ግን አንባቢ አንድ ልዩነት ያስተውል። በሞላሰስ ውስጥ ያለው ስኳር የተገለጠ ስኳር ነው፤ እርሾው ወዲያውኑ ይበላዋል። በእህል ውስጥ ያለው ስታርች ደግሞ በብቅል ይከፈታል። በጭድ ውስጥ ያለው ስኳር ግን የተቆለፈ ነው። የቁልፉ ዋጋ ስንት እንደሚሆን ማወቅ የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር ነው።

የተቆለፈው ስኳር

100 ኪሎ ደረቅ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ቢመረመር፣ ከ35 እስከ 40 ኪሎ የሚሆነው ሴሉሎስ፣ ከ20 እስከ 30 ኪሎ የሚሆነው ሄሚሴሉሎስ፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚሆነው ሊግኒን የሚባል ነገር ሆኖ ይገኛል። የቀረው አመድና ሌላ ጥቃቅን ነገር ነው። ሴሉሎስ ማለት ልክ እንደ ስታርች እርስ በርሱ የተያያዘ የግሉኮስ ስኳር ሰንሰለት ነው፤ ሆኖም አያያዙ የተለየና እጅግ የጠበቀ ስለ ሆነ፣ ብቅል ሊፈታው አይችልም።

የጭድ አሠራር የጭቃ ቤታችንን ግድግዳ ይመስላል። ሴሉሎሱ እንደ ቆመው እንጨት ነው፤ ሄሚሴሉሎሱ እንጨቱን እንደሚያስረው ልጥ ነው፤ ሊግኒኑ ደግሞ በላዩ ላይ እንደ ተመረገው ጭቃ ነው። እንጨቱን ለማውጣት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ምርጊቱን ማርገፍና ልጡን መፍታት አለበት። በፋብሪካም ምርጊቱን የማርገፉና ልጡን የመፍታቱ ሥራ «ቅድመ ዝግጅት» ይባላል።

ከብት ግን ይህን ሁሉ ያለ ፋብሪካ ትሠራዋለች። ጭዱን ትነጫለች፣ ታኝካለች፣ መልሳም ታመሰኳለች፤ በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ሕያዋንም ሴሉሎሱን ቀስ በቀስ ይፈቱታል። እርሷም ብትሆን ከጭዱ ብዙውን ሳትፈታ በእበቷ ታወጣዋለች። ፋብሪካው የሚፈልገው ላም በቀናት ውስጥ በከፊል የምትሠራውን በሰዓታት ውስጥ በሙላት መሥራት ነው። ወጪው የሚበዛውም ስለዚህ ነው።

ልዩ ልዩ የቅድመ ዝግጅት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ መቁረጥና መፍጨት ነው። ጭዱ ሲደቅ ለመድኃኒቱና ለእንፋሎቱ የሚጋለጠው ገጹ ይበዛል። ይሁን እንጂ መፍጨት ብቻውን ሊግኒኑን አያስለቅቀውም፤ ጭዱን እንደ ዱቄት ለማላም ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህም የሌላ መንገድ መግቢያ ነው እንጂ ራሱን የቻለ መንገድ አይደለም።

ሁለተኛው አሲድ ነው። በ1819 ብራኮኖ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ የተልባ እግር ጨርቅን በሰልፈሪክ አሲድ ፈትቶ ስኳር ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች አሲዱን አቅጥነው፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እጅ በማይበልጥ መጠን ከውኃ ጋር ቀላቅለው፣ ከ140 እስከ 200 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ጭዱን ለጥቂት ደቂቃ ይቀቅሉበታል። ልጡ፣ ማለት ሄሚሴሉሎሱ፣ ይሟሟል። ጉዳቱ ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ አሲዱ ተራውን ብረት ስለሚበላ ውድ ብረት የግድ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ጭዱ ከልክ በላይ ከበሰለ ስኳሩ ፉርፉራል ወደሚባል ነገር ይለወጥና እርሾውን ያደክመዋል። ሦስተኛ፣ አሲዱ በኖራ ሲከሽፍ ብዙ የጀሶ ዝቃጭ ስለሚተርፍ እርሱን መጣያ ያሻል።

ሦስተኛው እንፋሎት ነው። ጭዱ ጥብቅ ክዳን ባለው ጋን ውስጥ ከ160 እስከ 240 ዲግሪ በሚደርስ እንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ ይታፈንና መዝጊያው በድንገት ይከፈታል። በጭዱ ሥጋ ውስጥ የገባው እንፋሎት በአንድ ጊዜ ሲስፋፋ አሰሩ ይበታተናል። ይህ መንገድ መድኃኒት ስለማያበዛ ይወደዳል፤ ነገር ግን ታላቅ ቦይለር፣ ግፊት የሚችል ጋን፣ የሠለጠነም ባለሙያ ይጠይቃል።

አራተኛው አልካሊ ነው፤ ይኸውም ኮስቲክ ሶዳ፣ ኖራ ወይም አሞንያ ነው። አሲድ ልጡን ሲፈታ አልካሊ ደግሞ ምርጊቱን፣ ማለት ሊግኒኑን፣ ያረግፋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጀርመን አገር የከብት መኖ በጠፋ ጊዜ ቤክማን የተባለ ሊቅ ጭድን በኮስቲክ ሶዳ ውኃ ዘፍዝፎ ለከብት የሚስማማ መኖ አድርጎት ነበር። ችግሩ ጭዱን ለማጠብ ብዙ ውኃ ማስፈለጉና እጣቢው ወንዝ ማበላሸቱ ነው።

አምስተኛው በሕያዋን የሚሠራ ነው። በበሰበሰ ግንድ ላይ ከሚበቅሉት እንጉዳዮች ሊግኒን የሚበሉ አሉ፤ በረጠበ ጭድ ላይ ቢዘሩ በሳምንታት ውስጥ ያለሰልሱታል። ወጪው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሥራው የዘገየ ከመሆኑም በላይ እንጉዳዩ ከስኳሩ ድርሻውን ይወስዳል።

ከቅድመ ዝግጅቱ በኋላ የሚመጣው ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይሙ የጭድ ብቅል ነው ማለት ይቻላል። የኢንዛይሙ ታሪክ ራሱ የሚያስገርም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰለሞን ደሴቶች የነበረው የአሜሪካ ጦር ድንኳንና ልብስ እየበሰበሰ አስቸገረ። ምክንያቱ ሲመረመር ጥጥን የሚፈታ ሻጋታ ተገኘ፤ ጥጥም ሴሉሎስ ነውና። ኋላም ሻጋታው ባጠናው ሊቅ በሪስ ስም ትሪኮደርማ ሪሴይ ተብሎ ተሰየመ። ጭድ የሚፈታውን ኢንዛይም በመሥራት ዛሬ ከሁሉ የታወቀው የዚህ ሻጋታ ዘር ነው።

ይህም ሁሉ ተሠርቶ ከሄሚሴሉሎሱ የሚወጣው ስኳር አብዛኛው ዚሎስ የሚባል ዓይነት ስለ ሆነ፣ የተለመደው የዳቦና የጠላ እርሾ አይበላውም፤ ለእርሱ ልዩ እርሾ ማዘጋጀት ግድ ነው።

በሌላው ዓለም የደረሰው

እንግዳችን ይህ ሥራ በውጭ አገር ተሞክሮ የተሳካ መሆኑን ነግሮን ነበር። መሞከሩስ እውነት ነው፤ ስለ መሳካቱ ግን መዝገቡን መመልከት ይገባል።

በኢጣልያ ክሬሸንቲኖ በተባለ ከተማ በ2013 ጭድንና ሸምበቆን በእንፋሎት የሚፈታ ታላቅ ፋብሪካ ተመረቀ፤ በ2017 ባለቤቱ ኩባንያ በገንዘብ ችግር ላይ ስለ ወደቀ ተዘጋ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ በሌላ ባለቤት እጅ እንደገና ተከፈተ። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት አቤንጎአ የተባለው ኩባንያ በ2014 ያቋቋመው ፋብሪካ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን አቆመ። በአዮዋ ግዛት ዱፖንት በ2015 የመረቀውን ፋብሪካ በ2017 ዘጋ። በዚያው በአዮዋ ፖየትና ዲ.ኤስ.ኤም. የተባሉት ኩባንያዎች በሽርክና በ2014 ከበቆሎ አገዳ ኤታኖል የሚያወጣ ፋብሪካ ከፈቱ፤ በ2017 ዋናው ማነቆ የነበረው የቅድመ ዝግጅቱ ክፍል መሆኑንና እርሱም መፍትሔ ማግኘቱን አስታወቁ፤ ይሁንና ከሁለት ዓመት በኋላ ምርቱን ለማቆም ወሰኑ። በሮማንያ ፖዳሪ ላይ ክላሪያንት የተባለው የስዊስ ኩባንያ በ2021 ያጠናቀቀውን የስንዴ ጭድ ፋብሪካ በ2023 መጨረሻ እንዲዘጋ ወሰነ።

እነዚህ ሁሉ ገንዘብም ሊቃውንትም የማያጡ ኩባንያዎች ነበሩ። ከጭድ ነዳጅ እንደሚወጣ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል፤ በፋብሪካ ደጃፍ የሚደርሰው ጭድ ግን የቤተ ሙከራው ጭድ አይደለም። አፈርና ጠጠር ይዞ ይመጣል፤ መፍጫውን ይሰብራል፤ ሲረጥብ በማጉረሻው ላይ ይጠቀለላል፤ እርጥብ ሆኖ ሲከመርም በራሱ ሙቀት ሊቃጠል ይችላል።

ሆኖም በሥራ ላይ የጸኑም አሉ። በብራዚል ራይዘን የተባለው ኩባንያ ከ2014 ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ ኤታኖል ሲያወጣ ቆይቶ ሌሎች ፋብሪካዎችን ጨምሯል። እዚያ ግን ገለባው ተጨምቆና ተፈጭቶ ከስኳር ፋብሪካው ደጃፍ ይገኛል፤ የማጓጓዣ ወጪ የለበትም። በሕንድ ፓኒፓት ላይ በ2022 የተመረቀው የሩዝ ጭድ ፋብሪካ ደግሞ በመንግሥት ኩባንያ የቆመ ነው፤ ከታሰበለት ጥቅም አንዱ ገበሬዎች ጭዱን በማሳ ላይ ሲያቃጥሉ የሚነሣውን ጢስ መቀነስ ነው።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ነጋዴው ቋንቋ፣ ማለት ወደ ሒሳቡ እንመለስ። የፓኒፓቱ ፋብሪካ የታቀደው በዓመት ከ200,000 ቶን ጭድ 30 ሚሊዮን ሊትር ኤታኖል እንዲያወጣ ነው፤ ይህ ለአንድ ኩንታል 15 ሊትር ይደርሳል። የፖዳሪው ደግሞ ከ250,000 ቶን ጭድ 50,000 ቶን ኤታኖል እንዲያወጣ የታቀደ ነበር፤ በሊትር ሲሰላ ለአንድ ኩንታል 25 ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ መካከለኛውን ወስደን 20 ሊትር እንበል። የአንድ ኩንታል ጭድ ዋጋ ለ20 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በአንድ ሊትር ኤታኖል ላይ የሚወድቀው የጭድ ዋጋ ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ጭዱ ፋብሪካው ደጃፍ ሲደርስ 600 ብር ቢሆን፣ በአንዱ ሊትር ላይ 30 ብር ይወድቃል። የእንፋሎቱ፣ የኢንዛይሙ፣ የማጣሪያው፣ የሠራተኛውና የባንኩ ወለድ ከዚህ በላይ የሚጨመር ነው። በዚህም ላይ አንድ ሊትር ኤታኖል የሚሰጠው ኃይል የአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል በመሆኑ፣ የአንድ ሊትር ቤንዚን ሥራ እንዲሠራ አንድ ሊትር ተኩል ኤታኖል ያስፈልጋል። ስለዚህ በምሳሌያችን የጭዱ ዋጋ ብቻ 45 ብር ሆነ ማለት ነው። አንባቢ በገዛ ገበያው ዋጋ ያስላው።

ስለ ማጓጓዣውም እናስብ። ያልታሰረ ጭድ በአንድ ሜትር ኩብ 40 ኪሎ ያህል ቢመዝን ነው። 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ የጭነት መኪና እስከ አፉ ቢሞላ የሚጭነው 8 ኩንታል ብቻ ይሆናል። ያው መኪና እህል ሲጭን 50 ኩንታል የሚይዝ ከሆነ፣ በጭድ ሲሞላ ግን የጃናሞራን ዳገትና ቁልቁለት እየወጣና እየወረደ ደባርቅ የሚደርሰው አብዛኛውን አየር ጭኖ ነው። የሚያቃጥለው ናፍጣ ግን አየር አይደለም።

እንደ ፖዳሪው ያለ ፋብሪካ በዓመት 2,500,000 ኩንታል ጭድ ይፈልጋል። አንድ ገበሬ 20 ኩንታል ይሸጣል ብንል እንኳ የ125,000 ገበሬዎች ጭድ መሰብሰብ አለበት። ፋብሪካውን ማሳነስ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ቦይለሩ፣ ጋኑና ማጣሪያው ሲያንሱ ዋጋቸው በዚያው ልክ ስለማያንስ የአንዱ ሊትር ወጪ ይጨምራል።

ጭዱ የማን ነው?

ወኪሉ ስለ ጭዱ ሲናገር «የሚጣል ነገር» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ተጠቅሞ ነበር። ይህ ቃል በሮማንያ ሜዳ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ግን እውነት አይደለም። የጃናሞራ ገበሬ ጭድ አይጥልም። በበጋው ወራት ሣሩ ሲደርቅ በሬው የሚያድረው በጭድ ነው፤ ቤቱ የሚመረገው በጭድ በተቦካ ጭቃ ነው፤ ፍራሹም የሚሞላው በጭድ ነው። ጭዱ በቀብድ ተሰብስቦ ወደ ደባርቅ ቢወርድ፣ በሚያዝያ የሚያርሰው በሬ ምን ይበላል? በሬው ከከሳ እርሻው ይደክማል፤ እርሻው ከደከመም በሚቀጥለው ዓመት ወደ መጋዘናችን የሚመጣው ገብስ ያንሳል። እህል ነጋዴ ጭዱን በመግዛት የገዛ ንግዱን ሥር ሊቆርጥ እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል።

ይህን ስል የማገዶን ችግር በመርሳት አይደለም። በአካባቢያችን እንጀራ የሚጋገረው በኩበት፣ በባሕር ዛፍና በጭራሮ ነው። ለማሳው ማዳበሪያ መሆን የሚገባው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ በደጋው ላይ አስታ እየተቆረጠ ይወሰዳል። በ1969 የተቋቋመውና በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገብቶ ከዚያ መዝገብ የወጣው ገና በ2017 ነው። እንግዶችን የሚያመጣልን ይህ ፓርክ በመሆኑ፣ በማገዶ ምክንያት እንዳይጎዳ መጠበቅ የነጋዴውም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከተረፈ ምርት ነዳጅ ማውጣት የሚገባ ሐሳብ ነው፤ መታረም ያለበት የተረፈ ምርቱ ምርጫና የቅድመ ዝግጅቱ ልክ ነው።

ለአቅማችን የሚስማማው

ቅድመ ዝግጅት ሁሉ በአሲድና በታላቅ ቦይለር የሚሠራ አይደለም። ሦስት ቀላል መንገዶችን እጠቁማለሁ።

አንደኛው ማድረቅ፣ መክተፍና መጫን ነው። ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች የሚወጣ ሳጋቱራ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል፣ ከመተማ ቆላም ብዙ ጊዜ በማሳው ላይ የሚቃጠለው የሰሊጥ አገዳ፣ ከብት የማይሻማባቸው ናቸው። እነዚህ እርጥበታቸው ከመቶ 15 እጅ በታች እስኪሆን ደርቀውና ደቅቀው በብርቱ መጫኛ ሲጫኑ፣ በግፊቱ ሙቀት ሊግኒኑ ይለሰልስና እንደ ሙጫ ሆኖ ያጣብቃቸዋል። ለኤታኖል ፋብሪካ ጠላት የነበረው ሊግኒን ለብሪኬት ሠሪ ወዳጅ ይሆናል። የተጫነው ማገዶ በአንድ ሜትር ኩብ ከ600 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን መኪናው አየር አይጭንም። ይህ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በ1986 በዓለም ባንክ በኩል የወጣ አንድ ጥናት የእርሻ ተረፈ ምርትን ወደ ብሪኬት ስለ መለወጥ መርምሮ ነበር። ማስጠንቀቂያ ግን አለው። የገብስና የስንዴ ጭድ ብቻውን ቢጫን አመዱ ብዙ ከመሆኑም በላይ በእሳቱ ቀልጦ ምድጃውን ይለብጣል፤ ለዚህም ሳጋቱራና የእንጨት ተረፈ ምርት ይሻላሉ።

ሁለተኛው ባዮጋዝ ነው። በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የቤተሰብ ማብላያ ጉድጓዶችን አሠርቷል። ጉድጓዱ በእበትና በውኃ ይሠራል፤ የከብት ትራፊ የሆነ የተነከረ ጭድ በጥቂቱ ሊጨመርበት ይችላል፤ ሙሉ ጭድ ግን ሳይከተፍና ሳይነከር ቢገባ ከላይ እየተንሳፈፈ ይደርቃል። ጉድጓዱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ጋዙ በጣም ስለሚዘገይ፣ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ እንደሚገኘው እንደ ደባርቅ ያለ አገር ጉድጓዱን ማልበስና ፀሓይ በሚያገኘው ወገን መቆፈር ያስፈልጋል። ከጋዙ በኋላ የሚወጣው ዝቃጭ ለማሳው ማዳበሪያ ሆኖ ይመለሳል፤ እበት እንደ ኩበት አይጠፋም።

ሦስተኛው ጭዱን ለነዳጅ ሳይሆን ለከብቱ ማዘጋጀት ነው። ይህ ከርእሳችን የራቀ ቢመስልም ሥራው ያው ምርጊት የማርገፍ ሥራ ነው። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ ሟሙቶ በ100 ኪሎ ጭድ ላይ በእኩልነት ይረጫል፤ ጭዱም በፕላስቲክ ሸራ ታፍኖ ይከደናል። ዩሪያው ወደ አሞንያ እየተለወጠ የጭዱን አሰር ያላላዋል። በሞቃት አገር ሦስት ሳምንት ይበቃል፤ በእኛ ብርድ ግን ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ማቆየት ይሻላል። ከብት ሳይበላው በፊት ሽታው እንዲወጣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይናፈስ፤ ያልሟሟ ዩሪያ ከብትን ስለሚመርዝ ጥንቃቄው አይጓደል፤ ለጥጆችም አይሰጥ። በዚህ መንገድ ያው ጭድ ለከብቱ የተሻለ ምግብ ይሆናል። የፕላስቲክ ሸራ፣ የጭድ መክተፊያና የመርጫ ባልዲ ለሚሸጥ ባለ ሱቅም ገበያ ይከፍታል።

ውል ከመፈረም በፊት

አሠሪዬ ለወኪሉ የላኩት ደብዳቤ በእኔ እጅ የተጻፈ ነበር፤ በውስጡም አምስት ጥያቄዎች ነበሩ። ሌሎችም ነጋዴዎች ተመሳሳይ ሐሳብ ሲቀርብላቸው እነዚሁን ይጠይቁ ዘንድ ከዚህ በታች አሰፍራቸዋለሁ።

1ኛ. ቅድመ ዝግጅቱ በምን መንገድ ነው? በአሲድ፣ በእንፋሎት ወይስ በአልካሊ? መሣሪያውስ ከዚህ በፊት የትና ለስንት ዓመት ሳይቋረጥ ሠርቷል?

2ኛ. ኢንዛይሙ ከየት ይመጣል? በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ከሆነ ምንዛሪው በታጣ ጊዜ ፋብሪካው ምን ያደርጋል?

3ኛ. ውኃው ከየት ይቀዳል? እጣቢውና ዝቃጩስ ወዴት ይፈስሳል?

4ኛ. ጭዱ በክረምት የት ይከማቻል? ቢበሰብስ ወይም ቢቃጠል ኪሣራው የኩባንያው ነው ወይስ ቀብድ የሰጠው ነጋዴ?

5ኛ. ለገበሬው በሬ ስንት እጅ ጭድ ይቀርለታል? ይህስ በውሉ ላይ ይጻፋልን?

ለደብዳቤው እስካሁን መልስ አልደረሰንም። አሠሪዬም ቀብዱን አልሰጡም። ነገር ግን ጉዳዩን በዚህ ብቻ አልዘጉትም፤ በደባርቅ ያሉት የእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች በሳምንት ስንት ጆንያ ሳጋቱራ እንደሚጥሉ ቆጥሬ እንዳቀርብ አዝዘውኛል። «የማይበላ ነገር ከሆነ እንሞክረው፤ የሚበላውን ግን ለሚበላው እንተውለት» ነበር ያሉኝ። ቆጠራውን ጀምሬአለሁ። ውጤቱ ለምክር ቤታችን አባላት የሚጠቅም ሆኖ ከተገኘ፣ በዚሁ ጋዜጣ በሌላ ጊዜ አቀርበዋለሁ።